ከእድር የተዋስነው ድንኳን

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ሳቅ ይመጣብኛል። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ባለቤቴም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ለቅሶ ስንደርስ ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ በክርኑ የሚጎስመኝ። ባለፈው ሰሞን ለቡ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል በተተከለ ድንኳን ውስጥ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬን ሐዘን ልንካፈል ተቀምጠን ነበር። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሸራውን ስታሞቀው ያንን ሽታውን ለቀቀ፤ ታጥፎ የከረመ ጨርቅ፣ አቧራ፣ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ አይጥ። አቀርቅሬ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ያለቀስኩ መስሏቸው "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ።

አላለቀስኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እዚያው ለቡ፣ ምናልባትም እዚያችው መሬት ላይ፣ የአባባ ደቻሳ አውድማ ዳር ነበርኩ።

አባዬ የቱሪስት መኪና ሹፌር ነበር። ፈረንጆች ይዞ አገር ሲያዞር ይከርምና ቤት ሲመለስ የሚያወራልን ስለ ተራራው ወይም ስለ ሐይቁ አይደለም፤ ስለ ድንኳናቸው ነው። አልጋ ያለው ሆቴል ትተው በብርድ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚተኙ፣ ጠዋት አፍንጫቸው ቀልቶ እንዴት እየሳቁ እንደሚነሱ ደጋግሞ ይነግረናል። መጀመሪያ ያሾፍባቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ማሾፉን ተወና መቅናት ጀመረ። የዚያን ዓመት ጥር ላይ፣ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እራት ላይ "ዘንድሮ እኛም ካምፕ እንወጣለን" አለ።

"ቤት እያለን?" አለች እማዬ።

"እነሱም እኮ ቤት አላቸው።"

"የት ነው የምንወጣው?"

"ለቡ፣ አጎትሽ ጋ።"

እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቤታችን ብስራተ ገብርኤል ነበር። በመካኒሳ አድርጎ ለቡ ለመድረስ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ መጠበቁ ከመንገዱ ይረዝማል። ያን ጊዜ ግን ለቡ ገጠር ነበር። እናቴን ያሳደጓት አጎቷ አባባ ደቻሳ እዚያ ጤፍና ሽምብራ ያርሳሉ፤ ላምም አላቸው። እማዬ እየሳቀችም ቢሆን ጠረፍ የምንሄድ ይመስል ሸከፈች፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ያለንን ብርድ ልብስ በሙሉ፣ ለሆድ ቁርጠት ፌጦ። ታናሽ ወንድሜ ቢኒ ጅብ ቢመጣ የሚያባርርበት ዱላ አዘጋጀ።

ድንኳን አልነበረንም። የፈረንጆቹ ድንኳን የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ አባዬ አይነካውም። ግን የሰፈራችን እድር ንብረት ጠባቂ እሱ ነበር፤ የእቃ ቤቱ ቁልፍ የሚያድረው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩን ለመናቸውና ትንሹን ድንኳን ፈቀዱለት። "ሰው ከሞተ ግን የዚያኑ ዕለት ትመልሳለህ" አሉት። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ለእድራችን አባላት ሁሉ ጤና እየለመንኩ ነበር የምተኛው፤ በተለይ ግድግዳ ለሚጋሩንና ቀን ከሌት ለሚያስሉት ለጋሽ ወልዴ።

ድንኳኑ ከላይ ነጭ ነው፤ በአንድ ጎኑ የእድሩ ስም በትልልቁ ተጽፎበታል። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ምሰሶውን ከጣራው ላይ አስረን፣ እየዘመርን ሄድን። ከአራታችን አንዳችንም ያ ነገር ከሩቅ ለሚያየው ሰው ምን እንደሚመስል አላሰብንም።

አባባ ደቻሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስሉ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። ከሳምንት በፊት የያዛቸው ጉንፋን ገና አልለቀቃቸውም። ድንኳኑ ከሚኒባሱ ሲወርድ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ቤቴ ጠበበ?" አሉ።

"አልጠበበም አባባ፤ ልጆቹ..."

"እንግዳዬን ሜዳ ላይ አስተኝቼ እኔ ቤት ልተኛ? አገር ምን ይለኛል?"

አባዬ ዞር ዞር ብሎ አየና ዓይኑ አውድማው ላይ አረፈ። "አባባ፣ ዘንድሮ አውድማውን ማነው የሚጠብቀው?" አላቸው። አባባ ትንሽ አሰቡ። አውድማ ጠባቂ እዚያው ዳሱ ውስጥ ማደሩ የተለመደ ነው። "እንደዚያ ከሆነ ይሁን" አሉና ልጆቹ ስንዘል እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ከአውድማው አጠገብ የጤፉ ክምር ቆሟል። ለእኔና ለቢኒ የምንሸራተትበት ጉብታ ነበር፤ ለአባባ ግን የዓመት እህላቸው ነው። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ በቀረብናቸው ቁጥር ጉንጫችንን እየሳሙ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ጥር ላይ መታየት የሌለበት ዳመና ከፉሪ ተራራ በኩል ይሰበሰብ ነበር። ዝናብ ክምሩን ካገኘው ጤፉ እዚያው ይሻግታል። ቶሎ እንዳይወቃ ደግሞ በሬ የለም። አባባ ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ድሮ ከወንዙ ማዶ ካሉት ከኦቦ ለማ በሬ ጋር አቀናጅተው ነበር የሚያርሱትም የሚወቁትም፤ የእሳቸው አንድ፣ የኦቦ ለማ አንድ። በኋላ ወንዙ ዳር ባለች ባህር ዛፍ ተጣሉ። አንደኛው እኔ ነኝ የተከልኳት አለ፤ ሌላው ቆረጣት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደምን አደርክ እንኳ አይባባሉም።

"ሄደህ ብትጠይቀው አይከለክልህም" ሲሏቸው ሰማሁ እማማ ጫልቱ።

"አልጠይቅም። በቦራና በላሟ፣ በአህያዋም ቢሆን እወቃዋለሁ።"

"ዝናቡስ?"

አባባን አሳላቸው።

እኔ ይህንን ሁሉ የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። ወንዙ ዳር ወርጄ ሳይ ቦራ በዚህ በኩል ቆሞ ማዶ ማዶ ያያል፤ ከማዶ ደግሞ ግራጫው የኦቦ ለማ በሬ ዳለቻ ቆሞ ወደዚህ ያያል። የተጣሉት በሬዎቹ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ትልልቆቹ ሰዎች የማይገናኙት ቦራና ዳለቻ እንዳይዋጉ ነው። ነገሩ አሳዘነኝ፤ ደግሞም ቀላል መሰለኝ። እኔና ቢኒ ስንጣላ እማዬ የምታስታርቀን አንድ ነገር አካፍላ ነው።

መጀመሪያ ግን አውድማው መለቅለቅ ነበረበት። እማማ ጫልቱ እበት በውሃ በጥብጠው በእጃቸው መሬቱ ላይ ሲያንጣልሉት አፌን ከፍቼ ቆምኩ። እንጀራ የሚሆነው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚፈሰው? "ነይ ቅቢ፤ የከተማ ልጅ" አሉኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። እጄን ስሰደው ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ ነበር፤ ሽታው ሣር ሣር ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው ድርቅ ብሎ እንደ ሲሚንቶ ወለል ሆነ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

ምሳ ከተበላ በኋላ አባባን ብርድ ብርድ አላቸው። እማማ ጫልቱ ጋቢ ደራርበው አስተኟቸው። እኔ ቦራ ፊት ካለው ገለባ አንድ እቅፍ ይዤ፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግሬ ለዳለቻ ወሰድኩለት። አፍንጫውን አስጠግቶ ሲበላ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የአባባ ደቻሳ።"

ኦቦ ለማ ወዲያ ወዲህ አዩ፤ የሚሰማ ሰው እንዳለ ሊያጣሩ ይመስለኛል። ከዚያ ቀስ ብለው "ያስለዋል አሉ። ደህና ነው?" አሉኝ።

"ተኝተዋል። አልተነሱም። እማማ ጫልቱ ብዙ ልብስ አለበሷቸው።"

"እናንተስ ከከተማ በደህና መጣችሁ?"

"አዎ" አልኩ በኩራት። "ድንኳን ይዘን ነው የመጣነው።"

ኦቦ ለማ ባርኔጣቸውን አወለቁና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ዳለቻን መሰለ። በድንኳናችን የቀኑ መስሎኝ "እርስዎም መጥተው ማየት ይችላሉ" አልኳቸው። 

ወደ ማታ አባዬ ድንኳኑን ተከለ። ፈረንጆቹ ሲተክሉ ያየውን ሁሉ እየተናገረ ምሰሶውን ያቆማል፣ ካስማ ይመታል፤ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ነጩ ሸራ ተወጥሮ ሲቆም እጃችንን አጨበጨብን። ቀና ስል ኦቦ ለማ ከወንዙ ማዶ ቆመው ያዩናል። እስኪጨልም ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ለቢኒ "አየህ፣ ድንኳናችንን ወደዱት" አልኩት።

ሌሊቱ ሲበርድ አራታችንም አንድ ፍራሽ ላይ ተጠጋጋን። አባዬ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "ደስ አይልም?" ይላል። እውነቱን ነው፤ በጣም ደስ ይል ነበር።

የቀሰቀሰን ጩኸት ነው። ጎህ ገና እየቀደደ ነበር። "ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን! ወንድሜን!" የሚል የወንድ ድምፅ ከወንዙ በኩል እየቀረበ መጣ። ከኋላው የሴቶች ዋይታ ተከተለ። "ደቻሳ! ደቻሳ!" ሲሉ እማዬ ከፍራሹ ተስፈንጥራ ተነሳች። አጎቷ ሌሊቱን ያረፉ፣ ጎረቤት ቀድሞ የሰማ መሰላት። ደረቷን እየመታች "አባቴን!" ብላ ወጣች። አባዬም ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ እያለቀሰ ተከተላት። የመጡት ሰዎች ደግሞ ቤተሰቡ ከድንኳን ውስጥ እያለቀሰ ሲወጣ ሲያዩ የቀረች ጥርጣሬም ካለቻቸው እሷም ጠፋች። እማዬ በእነሱ፣ እነሱ በእማዬ እያለቀሱ ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ።

ኦቦ ለማ ከሁሉ ፊት ነበሩ። ድንጋዮቹን መርጠው አልተሻገሩም፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ድንኳኑ በር ላይ ተንበርክከው "ትናንት መምጣት ነበረብኝ። እዚህ ማዶ ሆነህ፣ በአንዲት እንጨት!" እያሉ መሬቱን ይመታሉ። እኔ ቢኒን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። ማልቀስ እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ ግን ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

በዚህ መሀል የቤቱ በር ሲጢጥ አለ። አባባ ደቻሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ለቅሶውን ሰምተው እንግዶቻቸውን ሌሊት ብርድ የገደለባቸው መስሏቸዋል። እየተንቀጠቀጡ መጥተው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስ ሰውዬ ትከሻ ነኩ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉት።

ሰውየው ቀና ሳይል "ደቻሳ" አላቸው።

"የትኛው ደቻሳ?"

"ይሄ የወንዙ ዳሩ ነዋ።"

 አባባን መጀመሪያ ያየቻቸው እማዬ ነች። አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ አንድ በአንድ ለቅሶው ጸጥ አለ፤ በመጨረሻ የኦቦ ለማ ድምፅ ብቻ ቀረ። እሳቸውም ዝምታው ሲገርማቸው ቀና አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

"አልሞትክም?" አሉ ኦቦ ለማ።

"ኧረ አልሞትኩም።"

"ታዲያ ድንኳኑ ምንድነው?"

አባባ ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ ብርድ ልብሱን እያስተካከለ "ካምፕ ነው" አለ። ካምፕ ምን እንደሆነ ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲያስረዳ የሚያየውን ፊት ብታዩ። አንዲት ባልቴት "ቤት እያላቸው?" ብለው ጠየቁ፤ እማዬ "እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው" አለች እንባዋን እየጠረገች።

ኦቦ ለማ ተናደዱ። ተነስተው ባርኔጣቸውን ፈለጉና አጡት። "ሳትሞት ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያስለቀስከኝ" አሉ። አባባ የኦቦ ለማን ሱሪ እያዩ ነበር።

"ለማ፣ ረጥበሃል" አሉ።

"ወንዝ አይደል የተሻገርኩት።"

"ለእኔ ብለህ?"

"ለማን ብዬ ነው ታዲያ?"

አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው ኦቦ ለማ ትከሻ ላይ ጣሉ። ከዚያ ተቃቀፉ። ያን ጊዜ እማማ ጫልቱ የወተት ቅላቸውን ይዘው ከበረት ብቅ አሉና ያንን ሕዝብ አይተው "ምን ሆናችሁ ነው?" ሲሉ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ሲስቅ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ጫፍ ላይ የነበረው ሰውዬ አባባን እንደገና እየዳሰሰ ይስቃል።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ሰማዩን አየ። ዳመናው ቀርቧል። ሰው ሁሉ የየራሱን ሥራ ጥሎ እዚያ ቆሟል። ኦቦ ለማ ናቸው "በሉ፤ ከመጣን አይቀር" ያሉት። ጎረምሶቹ በሬ ሊያመጡ ሮጡ፤ መንሽና ላይዳ፣ የመውቂያው ዕቃ ሁሉ፣ ከየቤቱ መጣ። ለቅሶ ቤት ብለው ያመጡትን ንፍሮ አውድማው ዳር አስቀመጡትና ሥራው ተጀመረ። ቦራና ዳለቻ ጎን ለጎን ሆነው ጤፉን ሲረግጡ፣ ወንዶቹ ከኋላቸው ሲዘፍኑ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ መዋጋታቸውን እጠብቃለሁ። አልተዋጉም። ዳለቻ አንገቱን ቦራ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ያ አንድ እቅፍ ገለባ ያስታረቃቸው መሰለኝና ለማንም ሳልነግር በራሴ ተደሰትኩ።

አባዬ በመንሽ ገለባ ሲያነሳ ነፋሱን ሳያይ ወደ ላይ በተነውና ራሱን አለበሰው። እኔ ደግሞ ፍሬው እየተጠራቀመ ሲሄድ "ስንት ኩንታል ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩ። እማማ ጫልቱ አፌን በእጃቸው ከደኑት። አውድማ ላይ ስንት አይባልም፤ በረከቱ ይሸሻል። ቢኒ ይህን ሲሰማ ጣቶቹን አጠፈና ከጀርባው ኋላ ደበቃቸው። ዝናቡ የጀመረው የመጨረሻው ስልቻ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ያን ዕለት ድንኳናችን ውስጥ ያልገባ ሰው የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ተጨናንቆ፣ የተረፈውን ንፍሮ እየበላ፣ ሸራው ላይ ዝናቡ ሲደበድብ የጠዋቱን ለቅሶ እያስመሰለ ሲስቅ አመሸ።

በነጋታው ድንኳኑን ስናጥፍ ኦቦ ለማ ከማዶ ተጣሩ። "ደቻሳ! እኔ ለቅሶህን ደርሻለሁ። የእኔን መቼ ነው የምትደርሰው?"

አባባ ከዘራቸውን አነሱ። እማማ ጫልቱ "በዚህ ጉንፋን ወዴት ነው?" ሲሏቸው "ለማ ጋ ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ቁርስ አድርጓል" አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ያዙ። ድንጋይ በድንጋይ መሻገር ሲችሉ እሳቸውም መሀል ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ሆን ብለው እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ማዶ ሊደርሱ ሲሉ ኦቦ ለማም ውሃው ውስጥ ገብተው እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። ሁለቱም እርጥብ ሱሪ ለብሰው ወደ ቤት ሲገቡ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

ድንኳኑን ለእድሩ መለስን። ብናራግፈውም ገለባው ከስፌቱ አልለቀቀም። ጸሎቴን ከለቡ ስመለስ ረስቼው ኖሮ፣ ሰንበት ብሎ ጋሽ ወልዴ ሞቱና ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። እማዬ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፀሐይ ሸራውን ስታሞቀው የጤፍ ገለባ ሽታ መጣ፤ ጥቂት ብጥስጣሽ በለቀስተኞቹ ነጠላ ላይ ረገፈ። ከየት እንደመጣ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። አባዬ ከጉልበቱ ላይ አንዷን አንስቶ አየኝ፤ ከንፈሩን ነክሶ ወዲያ ዞረ።

እኔ ግን በሩን ነበር የማየው። ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እያሳሉ ወጥተው "ማን ሞቶ ነው?" እንደሚሉ እርግጠኛ ነበርኩ። ድንኳን ሲተከል የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለኋ። ሲመሽ እማዬ እጄን ይዛ ወደ ቤት ስታስገባኝ "ትንሽ እንጠብቅ፣ አሁን ይወጣሉ" አልኳት።

ባለፈው ሰሞን ለቡም እንደዚያው ነበርኩ። ባለቤቴ በክርኑ ሲጎስመኝ ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ። ዓይኔ ግን ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አልተነሳም።